እንቢ ላለ የኪቦርድ ቁልፍ፦ ጥያቄና መልስ

ሥራ ስላቆሙ የኪቦርድ ቁልፎች የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው ናቸው። ስትጠይቁ ኪቦርዱ የላፕቶፕ፣ በዩኤስቢ የሚሰካ ተራ ወይም ሜካኒካል (እያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ስዊች ያለው) መሆኑን ግለጹ፤ ጥገናው እንደ ዓይነቱ ይለያያል።

ጥያቄ፦ ላፕቶፔ ላይ «ኤን» የምትለዋ ቁልፍ ከትናንት ጀምሮ እንቢ ብላለች። በካቻቢቴ ልነቅላት አሰብኩና ፈራሁ። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ መፍራትዎ በጀዎት። መጀመሪያ ጥፋቱ እውነት ቁልፏ ላይ መሆኑን ይለዩ። ዊንዶውስ ከሆነ የዊንዶውስን ቁልፍ፣ ኮንትሮልንና «ኦ»ን አንድ ላይ ሲጫኑ ስክሪኑ ላይ ኪቦርድ ይመጣል። እዚያ ላይ «ኤን»ን በማውስ ይጫኑ። ካልጻፈ ችግሩ የሶፍትዌር ነው፤ ምንም ነገር አይንቀሉ። ከጻፈ ሌላ የዩኤስቢ ኪቦርድ ሰክተው ያችኑ ቁልፍ ይሞክሩ። በሌላው ኪቦርድ እየሠራች በላፕቶፑ ብቻ ካቃታት ያኔ ጥፋቱ ከላፕቶፑ ኪቦርድ ነው።

ቀጥሎ በጣትዎ ይመርምሯት። ስትጫን ወርዳ ቶሎ ካልተመለሰች ከሥሯ ቆሻሻ ወይም የተሰበረ ማያያዣ አለ። እንደ ጎረቤቶቿ ወርዳ እየተነሳች ካልጻፈች የኤሌክትሪክ መገናኛው ቆሽሿል ወይም ተቋርጧል። አንዱን ጥግ ጠበቅ አድርገው ሲጫኑ ብቻ የምትጽፍ ከሆነ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በጽዳት ትድናለች።

ጥያቄ፦ የኔ ሁሉም ቁልፎች ይሠራሉ፣ ግን እያንዳንዱን ትንሽ ይዤ ካልቆየሁ አይጽፍም። ኪቦርዱ አርጅቶ ነው?

መልስ፦ አላረጀም። ዊንዶውስ ላይ የቀኙን ሺፍት ለ8 ሰከንድ ከያዙት «ፊልተር ኪስ» የሚባለው አገልግሎት እንዲበራ ይጠይቃል፤ ሳያነቡ እሺ ካሉት አጭር ንክኪን ሁሉ መናቅ ይጀምራል። በሴቲንግ ውስጥ አክሰሲቢሊቲ፣ ከዚያ ኪቦርድ ገብተው ያጥፉት። በዚህች ምክንያት ብቻ ደህና ኪቦርድ የሚቀይር ሰው አለ።

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛ ስጽፍ ደህና ነው፣ ወደ አማርኛ ስቀይር ግን አንዳንድ ቁልፎች ምንም አይጽፉም።

መልስ፦ በእንግሊዝኛ ከሠራ ቁልፉ ጤነኛ ነው። የአማርኛው አቀማመጥ፣ ማለትም የትኛው ቁልፍ የትኛውን ፊደል እንደሚጽፍ የሚወስነው፣ ለዚያ ቁልፍ ፊደል አልሰጠው ይሆናል፣ ወይም የሚቀጥለውን ቁልፍ እየጠበቀ ነው። አቀማመጡን ከኮምፒውተሩ ሰርዘው እንደገና ያስገቡት፤ ካልሆነ ሌላ የአማርኛ አቀማመጥ ይሞክሩ።

ጥያቄ፦ አምስት ቁልፎች በአንድ ቀን ሞቱብኝ። ጎን ለጎን እንኳ አይደሉም፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ነው። አምስቱም እንዴት አንድ ላይ ይቆሽሻሉ?

መልስ፦ አይቆሽሹም፤ የሚጋሩት መስመር ተቋርጦ ነው። ለእያንዳንዱ ቁልፍ የራሱ ሽቦ አይዘረጋለትም። ቁልፎቹ በረድፍና በአምድ ይደራጃሉ፤ ለምሳሌ 8 ረድፍና 16 አምድ ቢኖር በ24 መስመር ብቻ እስከ 128 ቁልፍ መለየት ይቻላል። አንዷ መስመር ስትበጠስ ታዲያ እሷን የሚጋሩ ቁልፎች ሁሉ አብረው ይጠፋሉ፤ መስመሯ እየተጠማዘዘች ስለምትሄድ ቁልፎቹ የተበታተኑ ይመስላሉ።

ላፕቶፕ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ኪቦርዱን ከማዘርቦርዱ የሚያገናኘው ጠፍጣፋ ሪባን ኬብል ነው። ላፕቶፑን ያጥፉ፣ ቻርጀሩን ይንቀሉ፣ የኋላ ክዳኑን ከፍተው ባትሪውን ከቦርዱ ያላቁ። ኬብሉ በሚገባበት ማገናኛ ላይ ቀጭን የፕላስቲክ መቆለፊያ አለች፤ በጥፍር ቀስ አድርገው ከሁለቱም ጫፍ ያንሷት። ሳያነሱ ኬብሉን ከሳቡት ወይ መቆለፊያዋ ትሰበራለች ወይ የኬብሉ ጫፍ ይላጣል፣ ሁለቱም ክፉ ነው። የኬብሉን ጫፍ በአልኮል ጠርገው ሲደርቅ ቀጥ አድርገው እስከ መጨረሻው ያስገቡና ይቆልፉ። ትንሽ እንኳ ካዘነበለ ሌሎች ቁልፎች ይሞታሉ።

ጥያቄ፦ የላፕቶፕ ቁልፍ ሳይሰበር እንዴት ነው የሚወጣው?

መልስ፦ ከሥሩ እንደ መቀስ የተጠላለፉ ሁለት የፕላስቲክ ክፈፎች አሉ፤ መሀላቸው ትንሽ የጎማ ጉልላት አለች። የቁልፉ ክዳን ክፈፎቹን የሚይዘው በ4 ቦታ ነው፤ ብዙውን ጊዜ በአንዱ ወገን ያሉት ሁለቱ ጠቅ ብለው ይላቀቃሉ፣ በሌላው ወገን ያሉት ተንሸራተው ነው የሚወጡት። የትኛው በየትኛው ወገን እንደሆነ ከሞዴል ሞዴል ይለያያል። ስለዚህ ስስ የፕላስቲክ ካርድ በአንድ ጥግ ያስገቡና በቀስታ ከፍ ያድርጉ። ከከበደ አይታገሉ፣ በተቃራኒው ወገን ይሞክሩ። ሲላቀቅ ቀጥታ ወደ ላይ አይሳቡት፤ ወደቀረው ወገን ገፋ አድርገው ያውጡት። የሚሰበረው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ስፔስባርን፣ ኢንተርንና ሺፍትን የግድ ካልሆነ አይንኳቸው። ከሥራቸው ቀጭን ሽቦ አለ፤ ሽቦው ከመያዣው ከወጣ መመለሱ ትዕግሥት ይፈታተናል።

ጥያቄ፦ ለማጽጃ ያገኘሁት አልኮል 70 በመቶ ነው፣ ይሆናል? ሳኒታይዘርስ?

መልስ፦ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል ነው የሚመረጠው። 70ው ላይ ቀሪው 30 በመቶ ውኃ ስለሆነ ቀስ ብሎ ነው የሚደርቀው፤ ሌላ ከጠፋ ይጠቀሙበትና ሌሊቱን ሙሉ ያድርቁት። ሳኒታይዘር ፈጽሞ አይሆንም፤ ግሊሰሪንና ማወፈሪያ ስላለው ከደረቀ በኋላ ራሱ ያጣብቃል። ሽቶም እንዲሁ።

አሠራሩ፦ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ፣ ሜካኒካል ከሆነ ስዊቹ ውስጥ፣ የላፕቶፕ ከሆነ በጎማዋ ዙሪያ 2 ወይም 3 ጠብታ ብቻ ያድርጉ። ቁልፉን ደጋግመው ይጫኑ፣ የወጣውን ቆሻሻ በጆሮ ማጽጃ ጥጥ ይጥረጉ፣ ይድገሙት። እስኪደርቅ አያብሩት። ብዙ ማፍሰስ ቆሻሻውን አሟሙቶ ወደ ጎረቤት ቁልፎች ይወስደዋል።

ጥያቄ፦ ስኳር ያለው ሻይ ፈሶበት ሩዝ ውስጥ ቀበርኩት። ሦስት ቀን ሆነው፣ ቁልፎቹ አሁንም እየተጣበቁ ነው።

መልስ፦ ሩዝ ስኳር አያወጣም፤ ዱቄቱን ይጨምርልዎታል እንጂ። በዩኤስቢ የሚሰካ ከሆነ ይንቀሉት፣ ክዳኖቹን አውጥተው በሞቀ ውኃና በጥቂት ሳሙና ይጠቡ። አካሉን ከፍተው የተጣበቀውን መጀመሪያ በተጣራ ውኃ በረጠበ ጨርቅ፣ ቀጥሎ በአልኮል ይጥረጉ። ስኳር በአልኮል በደንብ አይሟሟም፤ ውኃው መቅደም ያለበት ለዚህ ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ግን ከላይ ውኃ አያፍሱ፤ ከሥር ማዘርቦርድ አለ። ባትሪው ተላቆ፣ ኪቦርዱ ተፈቶ ከወጣ በኋላ ብቻ ነው የሚታጠበው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ሜካኒካል ኪቦርድ አለኝ። «ኢ» አንዳንዴ አይጽፍም፣ አንዳንዴ ደግሞ ሁለቴ ይጽፋል። ስዊቹ ነው ቦርዱ?

መልስ፦ በአንድ ንክኪ ሁለቴ የሚጽፍ ከሆነ ስዊቹን ጠርጥረው፤ ውስጡ ያሉት ሁለት የብረት ቅጠሎች ሲቆሽሹ ወይም ሲያረጁ ንክኪያቸው ይንቀጠቀጣል። ስዊቹ ያለ ብየዳ የሚነቀል ከሆነ ማረጋገጡ ቀላል ነው። በመንቀያው አውጣው፣ ኪቦርዱ እንደተሰካ ሁለቱን የብረት ቀዳዳዎች በብረት ወረንጦ አገናኛቸው። ፊደሉ ከተጻፈ ቦርዱ ጤነኛ ነው፣ ስዊቹን ብቻ ቀይር። ካልተጻፈ ሶኬቱ ከቦርዱ ተላቋል፣ ወይም አጠገቡ ያለው ዳዮድ (ኤሌክትሪክን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ትንሽ ዕቃ) ወይም መስመሩ ተጎድቷል።

አዲሱን ስታስገባ ሁለቱ እግሮች ቀጥ ማለታቸውን በዓይንህ እይ። «አዲሱ ስዊችም አይሠራም» ከሚሉት ብዙዎቹ ችግራቸው ከስዊቹ ሥር የታጠፈች እግር ናት፤ በወረንጦ አቅናና መልሰህ ክተት። ባለ 5 እግሩን ባለ 3 በሚቀበል ቦርድ ላይ ለመክተት ሁለቱን ቀጫጭን የፕላስቲክ እግሮች መቁረጥ ይበቃል፤ የብረቶቹን አትንካ።

የተበየደ ከሆነ ኪቦርዱን ንቀል፣ ሶልደሪንግ አይረኑን (መበየጃውን) 350 ዲግሪ ገደማ አድርግ፣ እያንዳንዱን እግር 2 ወይም 3 ሰከንድ አሙቀህ የቀለጠውን ሶልደር (የብየዳ ብረት) በመምጠጫ ምጠጥ። አልወጣ ካለ ሙቀቱን ከማራዘም አዲስ ሶልደር ጨምረህ እንደገና ምጠጥ። ብዙ ከቆየህ የመዳቡ ክብ ከቦርዱ ይላጣል፤ ያኔ ሽቦ መዘርጋት ሊኖርብህ ነው።

ጥያቄ፦ ተራውን የዩኤስቢ ኪቦርድ ከፍቼ ሦስት የፕላስቲክ ወረቀት አገኘሁ። አንዷ መስመር ተበልታ ጠቁራለች። ልበይዳት?

መልስ፦ አይበይዱ፤ ፕላስቲኩ ይቀልጣል። ለዚህ የሚሆነው ብር የተቀላቀለበት አስተላላፊ ቀለም ነው። የጠቆረውን በአልኮል ጠርገው፣ ከተቆረጠው ጫፍና ጫፍ ጥቂት ሚሊሜትር አልፎ ደህናው መስመር ላይ እንዲወጣ ይቀቡ፤ ጎረቤት መስመር እንዳይነካ በሁለቱም በኩል ፕላስተር ለጥፈው ቢሠሩ ይሻላል። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አይግጠሙት። በእርሳስ ማጥቆር የሚመክሩ አሉ፣ ግን ቶሎ ይለቃል። መሀለኛዋን ባለ ቀዳዳ ወረቀት ሲመልሱ እንዳትዞር ይጠንቀቁ።

ጥያቄ፦ ለጊዜው ሌላ ቁልፍ እንዲተካላት ማድረግ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ካፕስ ሎክ ለዚህ ጥሩ ነው። ዊንዶውስ ላይ አንዱን ቁልፍ በሌላ የሚተኩ ፓወርቶይስና ሻርፕኪስ የሚባሉ ፕሮግራሞች አሉ። ፓወርቶይስ የሚሠራው ፕሮግራሙ ክፍት ሲሆን ብቻ ስለሆነ የይለፍ ቃል ሲያስገቡ አይደርስልዎትም። የሞተው ቁልፍ የይለፍ ቃልዎ ውስጥ ካለ ሻርፕኪስ ይሻላል፤ ለውጡን ሬጅስትሪው (የዊንዶውስ የቅንብር መዝገብ) ላይ ስለሚጽፍ ኮምፒውተሩ ተነሥቶ ሲበራ ገና ከመግቢያው ይሠራል።

ጥያቄ፦ መሀል ላይ ያሉት ቁልፎች ከበዱ፣ ታችፓዱም ከፍ ከፍ ያለ መሰለኝ። አልኮል ላድርግ?

መልስ፦ አያድርጉ። ላፕቶፑን አሁኑኑ ያጥፉ፣ ቻርጀሩን ይንቀሉ። ይህ የሚመስለው ከሥር ባትሪው አብጦ ኪቦርዱን ወደ ላይ ሲገፋው ነው። ላፕቶፑን ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡት የሚወዛወዝ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል። እንዳይጫኑት፣ እንዳይወጉት፤ ባትሪውን ለሚያውቅ ባለሙያ ሰጥተው ያስቀይሩ። ባትሪው ሲወጣ ቁልፎቹ ብዙውን ጊዜ ራሳቸው ይስተካከላሉ።