ካሸነፋችሁ በኋላ ማንን ትመርጣላችሁ?

ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ወጣቶች ነው። አንዱ ለመመረጥ የሚጠብቀው ነው፤ ኮሌጅ ይሁን፣ ሥራ ይሁን፣ ቡድን ይሁን። ሌላው ገና በወጣትነቱ ተሳክቶለት አሁን ሌሎችን መምረጥ የጀመረው ነው። እኔ ዕድሜዬን በስፖርት መምህርነትና በቅርጫት ኳስ አሰልጣኝነት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። አዲስ አበባ ጀምሬ ሜሪላንድ ላይ ጡረታ ወጣሁ። ከሩቅም ከቅርብም ከተከታተልኳቸው አሰልጣኞች ውስጥ በጣም ያስተማረኝ የቪላኖቫ ዩኒቨርሲቲው ጄይ ራይት ነው። ስለ ዋንጫዎቹ ብዙ ተብሏል። እኔ ግን መጀመሪያ የማወራችሁ ስለወረደበት ጊዜ ነው።

ዓመቶቹን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ቪላኖቫ ፊላደልፊያ አጠገብ ያለ የካቶሊክ ዩኒቨርሲቲ ነው። በቅርጫት ኳስ ስሙ የገነነው በ1985 ነው። ያኔ ማንም ሳይጠብቀው፣ ፓትሪክ ዩዊንግን የያዘውን የዋሽንግተኑን ጆርጅታውን 66 ለ64 አሸንፎ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። አሰልጣኙ ሮሊ ማሲሚኖ ነበር። ራይት ከዚያ በኋላ የማሲሚኖ ረዳት ሆኖ ሠርቷል፤ ጥርሱን የነቀለው እዚያ ነው። በ2001 ዋና አሰልጣኝ ሆኖ ተመለሰ። ቀስ እያለ ሠራ። በ2009 ቡድኑን በብሔራዊው ውድድር ከመጨረሻዎቹ አራት አደረሰው። እዚያ በኖርዝ ካሮላይና ተሸነፈ። ቢሆንም ለቪላኖቫ ትልቅ ነገር ነበር።

ችግሩ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

ቡድን ስሙ ሲነሳ ስልኩ ይበዛል። በፊት በሩን ዘግተውበት የነበሩ ዝነኛ ታዳጊዎች አሁን ራሳቸው ይደውላሉ። ለአሰልጣኙ ዓይን አዋጅ ይሆንበታል። ከአገሪቱ ምርጥ ተብለው የተዘረዘሩት ልጆች እኛ ጋ ልምጣ ሲሉ ማን እምቢ ይላል? ራይትም እምቢ አላለም። በኋላ ራሱ በአደባባይ ደጋግሞ እንደተናገረው፣ ያን ጊዜ ልጆቹን የመረጠው በችሎታቸው ነው። ጠባያቸው ከቡድኑ ጋር ይሄዳል ወይ የሚለውን የድሮ ጥያቄ ወደ ጎን አደረገው።

ውጤቱ ወዲያው አልታየም። አደገኛ የሚያደርገውም ይህ ነው። በ2010 ቡድኑ 25 ጨዋታ አሸነፈ፤ በብሔራዊው ውድድር ግን በሁለተኛው ጨዋታው በሴንት ሜሪስ ተሸኘ። በ2011 ደግሞ ገና በመጀመሪያው ዙር፣ እዚሁ ፌርፋክስ ባለው ጆርጅ ሜሰን ተሸነፈ። በሚቀጥለው ዓመት 13 አሸንፎ 19 ተሸነፈ። ከሦስት ዓመት በፊት ከአራቱ አንዱ የነበረ ቡድን ነው እንግዲህ።

ልብ በሉ፣ ልጆቹ መጥፎ ልጆች አልነበሩም። ይህን አጥብቄ ነው የምናገረው። ጥፋቱን በልጆች ላይ መከመር ቀላል ነው፤ ትክክል ግን አይደለም። የመጡት ወደ አሸናፊ ቡድን ነው። አሸናፊ ያደረገውን ሥራ አላዩትም፤ ያሳያቸውም አልነበረም። ድግስ የሰማ ሁሉ ይመጣል፤ ሌሊቱን እንጨት ሲፈልጥ ያደረውን ግን የሚያውቀው ባለቤቱ ብቻ ነው።

ራይትን የማከብረው በዚያ ጊዜ ባደረገው ነገር ነው። ተጫዋቾቹን አልወነጀለም። ዳኛውን፣ ዕድሉን፣ ዘመኑን አልረገመም። የመምረጫ ጥያቄዬን ቀይሬ ነበር አለ፤ ወደ ድሮው ጥያቄም ተመለሰ። ለአንድ ታዋቂ ሰው ይህን በአደባባይ ማለት ዋንጫ ከማንሳት ይከብዳል ብዬ አምናለሁ።

እንግዲህ ማንን አመጣ? ራያን አርሲዲያኮኖ የሚባል የዚያው የፔንስልቬንያ ልጅ ነበር። ቪላኖቫ እመጣለሁ ብሎ ቃል የሰጠው ቡድኑ ገና ሳይወድቅ ነው። ከዚያ ቡድኑ ወደቀ። እሱም የጀርባ ሕመም ይዞት የሁለተኛ ደረጃ የመጨረሻ ዓመቱን ሳይጫወት አለፈ። ሌላ ቢሆን ሐሳቡን ይቀይር ነበር። እሱ ቃሉን አላጠፈም፤ አሰልጣኙም አልተወውም። በ2012 ገባ። በዚያው የውድድር ዓመት ቡድኑ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሉዊቪልንና ሲራክዩስን፣ ሁለቱንም ከአገሪቱ አምስት ምርጦች ውስጥ የነበሩትን፣ አሸነፈ።

ጆሽ ሃርት ደግሞ የኛው ሰፈር ልጅ ነው ማለት ይቻላል። የተወለደው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፤ የሐበሻ ሱቅና ምግብ ቤት በተደረደረበት ከተማ። በሁለተኛ ዓመቱ ከተጠባባቂ ወንበር እየተነሣ ነበር የሚጫወተው። ከወንበር እየተነሣ፣ ቪላኖቫ የሚጫወትበት የቢግ ኢስት ሊግ ውድድር ኮከብ ተባለ። ስንት ልጅ ነው ወንበር ላይ ተቀመጥ ሲባል ፊቱ የሚጠቁረው! ሚካል ብሪጅስ የመጀመሪያ ዓመቱን ሙሉ ልምምድ እየሠራ አንድም ጨዋታ ሳይጫወት ነው ያሳለፈው። ዛሬ ሁለቱም በዓለም ታላቁ ሊግ ስማቸው የታወቀ ነው።

አሁን አንድ ነገር ቀረብ ብላችሁ እንድታዩልኝ እፈልጋለሁ። ሚያዝያ 4 ቀን 2016፣ ሂውስተን፣ የፍጻሜ ጨዋታ። ተጋጣሚው ያው በ2009 ያሸነፋቸው ኖርዝ ካሮላይና ነው። ሊያልቅ 4.7 ሰከንድ ሲቀር የካሮላይናው ማርከስ ፔጅ አየር ላይ ተንጠልጥሎ በሦስት ነጥብ አቻ አደረገው፤ 74 ለ74። ስታዲየሙ ተናወጠ። ራይት የእረፍት ጊዜ ጠየቀ። ተመልካቹ ሁሉ የአሰልጣኙን ሰሌዳ ለማየት ሲንጠራራ፣ የቪላኖቫው ዳንኤል ኦቼፉ መጥረጊያውን ከወለል ጠራጊው ልጅ ተቀበለ። ከሁለት ሜትር በላይ የሚረዝም፣ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ፣ የቡድኑ ዋና ሴንተር ነው። ወለሉ በላብ ረጥቧል። ጎንበስ ብሎ በራሱ እጅ ወለሉን ወለወለ። ለምን? የመጨረሻው ኳስ ሲመጣ ቆሞ የተከላካዩን መንገድ የሚዘጋው እሱ ነው። አርሲዲያኮኖ እዚያ ቦታ ላይ ቢያንሸራትተው ሁሉ ነገር ያበቃል። ኦቼፉ ራሱ ኳሷን አይነካትም። ስሙም በዜናው መጀመሪያ ላይ አይጠራም። ግን ወለወለ።

ከዚያ ክሪስ ጄንኪንስ ኳሷን ለአርሲዲያኮኖ አስገባ። አርሲዲያኮኖ እየነዳ ወጣ፤ ኦቼፉ መንገዱን ዘጋለት። የኮሌጅ ሕይወቱ የመጨረሻዋ ኳስ ናት፤ ራሱ ቢወረውራት ማንም አይወቅሰውም። እሱ ግን ከኋላው እየሮጠ ለመጣው ጄንኪንስ አቀበለው። ጄንኪንስ ወረወረ፤ ሰዓቱ ሲያልቅ ኳሷ ገባች። 77 ለ74። የሚገርመው፣ ጄንኪንስን ያሳደገው ቤተሰብ የወለደው ልጅ፣ ኔት ብሪት፣ በዚያች ሌሊት ለካሮላይና ነበር የሚጫወተው። ወላጆቹ የትኛውን እንደሚደግፉ አስቡት።

ከሁለት ዓመት በኋላ ቪላኖቫ እንደገና ሻምፒዮን ሆነ። ሚሺጋንን 79 ለ62 ሲያሸንፍ 31 ነጥብ ያስቆጠረው ዶንቴ ዲቪንቼንዞ ከተጠባባቂ ወንበር የተነሣ ነበር። ማለትም ከመጀመሪያው ዋንጫ በኋላ ራይት ከ2009 በኋላ ወደሄደበት መንገድ አልተመለሰም። የዚህ ደብዳቤ ፍሬ ነገር እዚህ ላይ ነው። አንዴማ ብዙ ሰው አሸንፏል፤ ከባዱ ካሸነፉ በኋላ የድሮውን ጥያቄ አለመተው ነው።

አንዳንዶቻችሁ ይህን ስታነቡ፣ ስለዚህ ችሎታ ያለውን ትቶ ጨዋውን ማምጣት ነው ትሉ ይሆናል። አይደለም። ጄለን ብራንሰን ቪላኖቫ ሲገባ ከአገሪቱ ምርጥ ታዳጊዎች አንዱ ነበር፤ በ2018ም የአገሪቱ የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ችሎታ የሌለው ጨዋ ልጅ ብቻ ሰብስበህ ፍጻሜ አትደርስም። ጉዳዩ የጥያቄው ቅደም ተከተል ነው። መጀመሪያ ከእኛ ጋር መኖር ይችላል ወይ? ቀጥሎ ምን ያህል ይችላል? ስኬት ሲመጣ ሁለተኛው ጥያቄ ቀድሞ ይወጣና የመጀመሪያው ይረሳል።

ብራንሰን ያንን ትምህርት ይዞት ሄደ ብዬ አስባለሁ። በ2024 ከኒውዮርክ ኒክስ ጋር ለአራት ዓመት 156.5 ሚሊዮን ዶላር ፈረመ። አንድ ዓመት ቢታገስ 113 ሚሊዮን ያህል የሚበልጥ ውል መፈረም ይችል ነበር። አልጠበቀም፤ ቡድኑ ሌሎች ተጫዋቾችን ለመያዝ አቅም እንዲኖረው። እኛ እንዲህ ያለ ገንዘብ የለንም። ሥራው ግን በትንሹም ይሠራል፤ በአንድ የሥራ ፈረቃ፣ በአንድ ምስጋና።

አሁን ለምትመርጡት። ትንሽ ድርጅት ከፍታችሁ ተሳክቶላችሁ ይሆናል። የክፍል ኃላፊ ሆናችሁ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹን አምስት ሰዎች ስትቀጥሩ ገንዘብ ስላልነበራችሁ ሰውየውን ራሱን ነበር የምታዩት። አሁን ወረቀቱ ይታያችኋል፤ የትልቅ ድርጅት ስም ያለበት ወረቀት። ወረቀቱን አትናቁት። ግን ድሮ የምትጠይቁትን ጥያቄ ቁጭ ብላችሁ ጻፉት፤ ለማንም አታጉድሉት። ከመጀመሪያ ጀምሮ አብሯችሁ ያለውንም ጠይቁት። ማን እንደሚገጥማችሁ ከእናንተ በላይ ያውቃል። ወረተኛ አትሁኑ፤ አዲስ ሰው በመጣ ቁጥር ነባሩን ከወንበሩ የሚያስነሣ አለቃ ጋ ማንም ሥሩን አይሰድም።

ለመመረጥ ለምትጠብቁት ደግሞ ከወለሉ ዳር ያየሁትን ልንገራችሁ። የኮሌጅ አሰልጣኝ ጨዋታ ሊያይ ሲመጣ፣ ነጥብ ስታስቆጥሩ ብዙም አይጽፍም። ቁጥሩን አስቀድሞ ያውቀዋል። ዓይኑ የሚከተላችሁ ተቀይራችሁ ስትወጡ ነው። ፎጣውን ራሱ ላይ ጥሎ ጥግ የሚቀመጠውን አይቻለሁ። ውሃውን ጠጥቶ፣ በእሱ ቦታ ለገባው ልጅ "ግራህን ጠብቅ!" እያለ የሚጮኸውንም አይቻለሁ። አንዴ አንድ አሰልጣኝ ስለ ልጁ እኔን ሳይጠይቅ ቀድሞ የጂሙን ጽዳት ሠራተኛ ነበር ያናገረው። ሌላው የሚታየው እናቱን የሚያናግርበት መንገድ ነው። ከሁለት ሥራዋ መሐል ወጥታ፣ ምሳ ቋጥራ፣ ቦርሳ ተሸክማ ሪችመንድ ድረስ የነዳችውን እናት "ለምን ዘገየሽ" ብሎ የሚያመናጭቅ ልጅ፣ ስኮላርሺፑ እዚያው መኪና ማቆሚያው ላይ ሊቀርበት ይችላል። ይህን የምለው ለማስፈራራት አይደለም፤ ሲሆን ስላየሁ ነው።

ዛሬ ነገሩ ከራይት ጊዜ ከብዷል። ከ2021 ወዲህ ተጫዋች በስሙና በምስሉ ገንዘብ ማግኘት ይችላል፤ ዩኒቨርሲቲም ሲቀይር እንደ ድሮው ዓመት አይቀመጥም። ከ2025 ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎቹ ራሳቸው ለተጫዋች መክፈል ይችላሉ። እኔ በዚህ ደስ ይለኛል። ላቡን ጠብ አድርጎ ለሚያስገባው ገንዘብ ድርሻ ማግኘቱ ፍትሕ ነው፤ በተለይ ቤተሰቡ ለሚጠብቀው የስደተኛ ልጅ። ግን ገንዘብ የሰጣችሁ ሁሉ ቦታ ሰጥቷችኋል ማለት አይደለም።

ራይት በ2022 ቡድኑን እንደገና ከአራቱ አድርሶ፣ በ60 ዓመቱ በቃኝ አለ። በእሱ ቦታ የተተካው ረዳቱ የነበረ፣ ቤቱን የሚያውቅ ሰው ነው። በሦስት ዓመት ግን ቪላኖቫን ለብሔራዊው ውድድር ማብቃት አልቻለም፤ በ2025 ተሰናበተ። በእሱ አልፈርድም። ልጆቹ በየዓመቱ እየተቀያየሩ ለአዲሱ የሚያሳይ ነባር ከየት ይመጣል? ኦቼፉ መጥረጊያውን ያነሣው በዚያው ቤት ቆይቶ፣ የመጨረሻ ዓመቱ ላይ ደርሶ ነው።

ስለዚህ አንድ ዩኒቨርሲቲ ሲጋብዛችሁ አዳራሹን፣ ጫማውን፣ ማልያውን ካያችሁ በኋላ ልምምድ ላይ ቁጭ በሉ። የማይጫወተውን ልጅ ፈልጉት፤ አሥራ ሦስተኛውን፣ አሥራ አራተኛውን። ከልምምድ በኋላ አሰልጣኙ በሌለበት አናግሩት። ባለፈው ዓመት እነማን ለቀቁ፣ ለምን ለቀቁ፣ ሲለቁ ማን ደወለላቸው ብላችሁ ጠይቁት። ከዚያ ያንኑ ጥያቄ አሰልጣኙን ጠይቁት። ሁለቱ መልሶች ከተቀራረቡ ለእናታችሁ ንገሯት፤ ከመፈረማችሁ በፊትም አብራችሁ እንደገና ሂዱ።