ቤቱ ሦስት ዓመት ይቆይ

ውድ እህቴ፣

ፍራንክፈርት ባለ የአረጋውያን መጦሪያ አራት ዓመት በረዳትነት ሠርተሻል። አሁን ቀጣሪሽ የሦስት ዓመቱን የነርስነት አውስቢልዱንግ (እየሠሩ የሚማሩትን የሙያ ሥልጠና) ጀምሪ ብሎሻል። አገር ቤት ያለው ታላቅ ወንድምሽ ደግሞ «የጀመርሽው ቤት ጣሪያ ሳይመታ የምን ትምህርት ነው? በተማሪ ደሞዝ ምን ልትልኪ?» ብሎ ተቆጥቷል። ዕድሜሽ 34 መሆኑ፣ ጀርመንኛሽና ወገብሽም አሳስበውሻል።

በግልጽ ልንገርሽ፤ ቤቱ ይቆይ። ወንድምሽ ክፉ ነው አልልም። እሱ የሚያየው ዩሮሽን በብር ተመንዝሮ ነው። ምንዛሪው በሐምሌ 2016 ከተለቀቀ ወዲህ ደግሞ ብሩ በዛለት። የቤት ኪራይሽን፣ ከደሞዝሽ የሚቆረጠውን ግብርና የጤና መድን ማን ነገረው? የደሞዝ ወረቀትሽን ፎቶ አንስተሽ ላኪለት። ቁጥሩን እያየ ይከራከርሽ። በረዳትነት ዘመናቸውን ፈጅተው አዲስ አበባ ቤት ያቆሙ እህቶች አውቃለሁ። ቤቱ ቆሟል፤ እነሱ ግን ዛሬም ተጨማሪ የማታ ፈረቃ ይለምናሉ።

ይህንንም ጨምረሽ ንገሪው። በጁላይ 2025 በጀርመን ለረዳት ተንከባካቢ የተደነገገው ዝቅተኛ ክፍያ በሰዓት 16 ዩሮ ከ10 ሳንቲም ነበር። ሦስት ዓመት ለተማረች ነርስ 20 ዩሮ ከ50 ነበር። ሙሉ ሰዓት ለሚሠራ ሰው ልዩነቱ ከግብር በፊት በወር ከ700 ዩሮ ያልፋል።

ደግሞም ስትማሪ ደሞዝሽ የግድ ይቀንሳል ማለት አይደለም። ብዙ ሐበሻ ይህንን አያውቅም፤ በጣም ያናድደኛል። የጀርመን የሙያ ወረቀት የሌለው ሠራተኛ ሥራውን ሳይለቅ ሲማር፣ አጌንቱር ፉር አርባይት (የጀርመን መንግሥት የሥራ ቢሮ) የትምህርቱን ወጪ ሊሸፍን ይችላል። ለቀጣሪውም የደሞዙን ወጪ ሊተካለት ይችላል። በረዳትነት ደሞዝሽ እየኖርሽ ትማሪያለሽ ማለት ነው። ጥያቄው ግን መቅረብ ያለበት ትምህርቱ ሳይጀመር ነው። ስለዚህ አለቃሽ የተማሪ ውል ስታቀርብልሽ ቶሎ አትፈርሚ።

ዕድሜሽ ችግር አይደለም፤ ትምህርቱ የዕድሜ ገደብ የለውም። ጀርመንኛሽም ከአረጋውያኑ ጋር ስታወሪ በቂ ነው። የሚጎድልሽ የጽሑፉ ነው፤ የታካሚዎቹን የዕለት መዝገብ ራስሽ መጻፍ ልመጂ።

ወገብሽ ግን እኔንም ያሳስበኛል። ረዳት ሆነሽ ከቀረሽ እስከ ጡረታ ማንሳት ነው። ነርስ ከሆንሽና ከሠራሽበት ግን 300 ሰዓት ሠልጥነሽ ተማሪዎችን በሥራ ላይ ማሠልጠን ትችያለሽ። እኔም ከረዳትነት ተነስቼ ያለፍኩት በዚሁ መንገድ ነው።

በዚህ ሳምንት አለቃሽን ቀጠሮ ጠይቂያት። «ሠራተኛ እንደሆንኩ፣ በአጌንቱሩ ድጋፍ መማር እፈልጋለሁ» በያት። የሚሉሽን ጻፊልኝ።