ደብል ሺፍት ሙያችሁን እንዳይበላው

አሜሪካ ለመጣችሁ ነርሶች ነው የምጽፈው። አገር ቤት ስድስት ዓመት ነርስ ነበርኩ። እዚህ ስመጣ "ለጊዜው ነው" ብዬ ሲኤንኤ፣ ማለትም የነርስ ረዳት፣ ሆንኩና ነርሲንግ ሆም (የአዛውንት መጦሪያ) ገባሁ። ጊዜው አምስት ዓመት ሆነ። ኪራይ አለ፣ አገር ቤት የሚላክ አለ፣ ሰው ጎድሏል ደብል (ሁለት ፈረቃ በተከታታይ) ሥሪልን ብለው ሲደውሉ እምቢ ማለት ይከብዳል፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ዲግሪዬ ሻንጣ ውስጥ ቀረ። አዛውንት ማጠብና ማብላት ክቡር ሥራ ነው። የሚያንገበግበኝ የተማራችሁት ሲባክን ነው።

የነርስ ላይሰንስ ለማውጣት መጀመሪያ የምትኖሩበትን ስቴት የነርሲንግ ቦርድ፣ ማለትም የላይሰንስ ሰጪውን፣ መስፈርት አንብቡ። የሜሪላንዱና የቨርጂኒያው አንድ ነው ብላችሁ አትገምቱ። ብዙ ቦርድ ትምህርታችሁ እንዲገመገም ይፈልጋል፤ የታወቀው ገምጋሚ ሲጂኤፍኤንኤስ ነው፣ በአዲሱ ስሙ ትሩሜሪት። ትራንስክሪፕቱን (የትምህርት ውጤታችሁን) የሚልከው ትምህርት ቤቱ ራሱ ነው፣ እጃችሁ ላይ ያለው ኮፒ አያገለግልም። ብዙ ሰው የሚቆመው እዚህ ጋ ነው። በኢሜይል ብቻ አትጠብቁ። ለዘመድ ውክልና ላኩና ሬጅስትራር ቢሮ በአካል ይሂድላችሁ። የእኔ ወንድሜ አራቴ ተመላልሶ ነው የተላከው።

የላይሰንሱ ፈተና፣ ኤንክሌክስ፣ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ አለው፣ አምስት ሰዓት ይሰጣችኋል። በሽምደዳ አይታለፍም። አራት በሽተኛ ቢኖራችሁ መጀመሪያ ወደ የትኛው ትሮጣላችሁ፣ የሚጠይቀው እንዲህ ያለውን ነው። ለኮርስ ገንዘብ ካጠራችሁ መሥሪያ ቤታችሁን ጠይቁ። አሠሪ ለሠራተኛው ትምህርት በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ከታክስ ነፃ መክፈል ይችላል፣ ብዙ ሆስፒታልም ይከፍላል፤ ግን ያልጠየቀ አያገኝም።

ላይሰንሱ ከተገኘ በኋላ ያለው ፈተና ይሉኝታ ነው። እዚህ ለሐኪም ስንደውል ኤስባር በሚባል ቅደም ተከተል ነው የምናወራው፦ ምን እንደተፈጠረ፣ የበሽተኛው ታሪክ፣ እኔ ያየሁት፣ በመጨረሻ ምን እንዲደረግ እንደምፈልግ። እኛን የምታንቀን የመጨረሻዋ ናት። ሐኪምን "ይህን እዘዝልኝ" ማለት እንደ ድፍረት ይሰማናል። እኔም መጀመሪያ ሰሞን ያየሁትን ብቻ ተናግሬ ዝም እል ነበር። አንድ ሌሊት የበሽተኛዬ የደም ግፊት እየወረደ፣ ሐኪሙን "መጥተህ እያት" ማለት ከብዶኝ ሰዓት አለፈ። ደግነቱ ተረፈች። እስከ ዛሬ ያቺን ሌሊት አልረሳትም። ተናገሩ፣ እባካችሁ። ዶዙ ከፍ ያለ ከመሰላችሁ ሳትሰጡ ጠይቁ። አክሰንታችሁን አትፍሩ፣ "አልሰማሁህም፣ ድገምልኝ" ማለትም ነውር የለውም።

ስለ ምርምርም ልጨምር። ስሙ ሲጠራ እንሸሻለን እንጂ የሚጀምረው ክፍላችሁ ውስጥ ካያችሁት ነገር ነው። እኔ ያየሁት በዐቢይ ጾም ነው። የእኛ እናቶች የስኳር በሽታ እያለባቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም፣ ስኳር የሚያወርደው ኢንሱሊን ግን በጠዋት ይሰጣል፣ ጾመኛ ነዎት ወይ ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። ለነርሶቹ ኮሚቴ አቀረብኩት። አሁን በሽተኛ ስንቀበል ስለ ጾም እንጠይቃለን።