በጆሮ ማዳመጫ የሚያምር፣ በስልክ የሚሳሳ ድምፅ

ጥያቄ፦ አንድ ዘፈን በኮምፒውተሬ እየሠራሁ ነው። የዘፈንኩት ብቻዬን ስለሆነ ሰፋ እንዲልልኝ በድምፄ ትራክ ላይ ስቴሪዮ ኮረስ የሚባለውን የድምፅ ማስዋቢያ ጨመርኩ። ፍጥነቱን 2 ሄርዝ፣ ጥልቀቱን 3 ሚሊ ሰከንድ፣ ድብልቁን 50 በመቶ አደረግሁት። በጆሮ ማዳመጫ ስሰማው ደስ ይለኛል። በስልኬ ድምፅ ማጉያ ስከፍተው ግን ድምፄ ይሳሳል፤ ከቃና የወጣሁም እመስላለሁ። ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ቁጥሮቹን ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ፤ ጥፋቱ ያለው እነሱ ውስጥ ነው። ከቃና የወጡት እርስዎ አይደሉም።

ኮረስ የድምፅዎን ቅጂ ወስዶ ከ15 እስከ 30 ሚሊ ሰከንድ ያህል ያዘገየዋል። መዘግየቱንም ባለበት አይተወውም፤ ያሳጥረዋል፣ ያስረዝመዋል። በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚወዛወዝ ፍጥነቱ፣ ምን ያህል እንደሚወዛወዝ ጥልቀቱ ይወስናል። ሲያሳጥረው የቅጂው ቃና ከፍ፣ ሲያስረዝመው ዝቅ ይላል። የአምቡላንስ ጩኸት ሲቀርብና ሲርቅ ቃናው የሚለወጠው በዚሁ ምክንያት ነው። ሁለት ሰዎች አብረው ሲዘፍኑ እኩል አይጀምሩም፣ ቃናቸውም ፍጹም አይገጥምም፤ መሣሪያው የሚመስለው ይህንን ነው።

ብዙዎች የሚስቱት ፍጥነትና ጥልቀት የሚባዙ መሆናቸውን ነው። ጥልቀቱን ሳይነኩ ፍጥነቱን እጥፍ ቢያደርጉ የቃናው መዛነፍም እጥፍ ይሆናል። መዘግየቱ ወደ ላይም ወደ ታችም 3 ሚሊ ሰከንድ በ2 ሄርዝ ሲወዛወዝ፣ ቅጂው በፒያኖ ላይ በሁለት ተከታታይ ቁልፎች መካከል ካለው ርቀት ከግማሽ በላይ ይዛነፋል። ይህ ለዘፋኝ ብዙ ነው። በ0.5 ሄርዝና በ1.5 ሚሊ ሰከንድ ግን መዛነፉ ከዚያ ርቀት አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም፤ ጆሮ ስህተት ነው ሳይል ስፋቱን ብቻ ይቀበላል።

መሳሳቱ ሌላ ጉዳይ ነው። በ1975 የወጣው የሮላንድ ጃዝ ኮረስ ማጉያ ሁለት ስፒከሮች አሉት፤ አንዱ ዋናውን ድምፅ፣ ሌላው የሚወዛወዘውን ቅጂ ያወጣል፣ ሁለቱ የሚገናኙት አየር ላይ ነው። በጆሮ ማዳመጫም ቀኝና ግራ ጆሮዎ የተለያየ ነገር ስለሚሰማ ድምፁ ይሰፋል። በአንድ ስፒከር ሲወጣ ግን ሁሉም ይደመራል። ቅጂው ግማሽ ዑደት ዘግይቶ የሚደርስባቸው ድግግሞሾች (ፍሪኩዌንሲዎች) ይሰረዛሉ፤ ስረዛውም የሚከፋው ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ነው። ግማሹን ዋና ድምፅ፣ ግማሹን ቅጂ የሚያደርገው የእርስዎ የ50 በመቶ ድብልቅ እዚያው ላይ ነው ያረፈው።

ይህንን የተማርኩት በራሴ ሥራ ተቃጥዬ ነው። ለአንዲት ድምፃዊት ሌሊቱን ሙሉ በጆሮ ማዳመጫ የሠራሁትን ቅጂ ጠዋት በአንዲት ትንሽ ሬዲዮ ስንከፍተው፣ የ«ሰ» እና የ«ሸ» ፉጨት ብቻ ወዲያና ወዲህ ሲዋልል ቀረ፤ የቃሉ ሥጋ ጠፍቶ ነበር። ፊቷን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ሚክስ (የተቀናበረ ሙሉ ዘፈን) በሞኖ፣ ማለትም ግራና ቀኙ ወደ አንድ ተደምሮ፣ ሳልሰማ አላስረክብም።

ስለዚህ ኮረሱን ከድምፅዎ ትራክ ላይ ያንሡት። ለብቻው ረዳት ትራክ ይክፈቱለትና ድምፅዎን ወደዚያ ይላኩ፤ እዚያ ድብልቁ 100 በመቶ ይሁን፣ ዋናው ትራክ ሳይነካ ይቀመጥ። በረዳቱ ላይ ከ300 ሄርዝ በታችና ከ6 ሺህ ሄርዝ በላይ ያለውን ይቁረጡ፤ ታችኛው ድፍርስነትን፣ ላይኛው ያንን ፉጨት ያመጣል። ከዚያ ሚክሱን ሞኖ አድርገው ረዳቱን ከዜሮ ቀስ እያሉ ያንሡ። ኮረስ መኖሩ በግልጽ ከተሰማዎት አልፏል፤ ጥቂት ይመልሱት። ስንኙ ላይ ባይኖር፣ አዝማቹ ላይ ቢገባ እመርጣለሁ።

በእርግጥ ለጊታርና ለኤሌክትሪክ ፒያኖ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልተጨነቅኩ። ለመሪ ድምፅ ግን ከየትኛውም ኮረስ በፊት አንድ ነገር ይሞክሩልኝ፤ አዝማቹን ደግመው ይዝፈኑት። የሁለት እውነተኛ ቅጂዎች ልዩነት በየቃሉ አዲስ ስለሆነ እንደ ማሽን እየዞረ አይመለስም። ሁለተኛውን ሲቀዱ የመጀመሪያውን በአንድ ጆሮዎ ብቻ ያድምጡ፣ ሌላውን ለራስዎ ድምፅ ክፍት ይተዉት፤ ሲጨርሱም ሁለተኛውን ከመጀመሪያው በደንብ ዝቅ አድርገው ያስቀምጡት።