«ምሕረት አገኘ»፣ «በይቅርታ ተፈታ»፣ «በአመክሮ ወጣ»፦ አንድ ናቸው?

ጥያቄ፦ አጎቴ በቅርቡ ከማረሚያ ቤት ወጣ። እናቴ ለጎረቤቱ ሁሉ «ምሕረት አገኘ» ትላለች። የተሰጠው ወረቀት ግን «በአመክሮ የተፈታ» ይላል። ዜና ላይ ደግሞ «በይቅርታ ተለቀቁ» ሲባል እሰማለሁ። ሦስቱ ልዩነት አላቸው? (አንባቢ፣ ከደሴ)

መልስ፦ እንኳን ለቤቱ አበቃው! እናትዎን አያርሟቸው። በቤት አማርኛ «ምሕረት» ከእግዜርም ከዳኛም የሚመጣውን ሁሉ ያቅፋል። ዜና የሚጽፍ ሰው ሦስቱን ሲያደባልቅ ግን ዝም ማለት አልችልም።

ከአጎትዎ እንጀምር። «አመክሮ» የመጣው «ፈተነ፣ ሞከረ» ከሚለው የግእዙ «አመከረ» ነው። ገዳም ገብቶ ለመመንኮስ የሚፈልግ ሰውም መጀመሪያ በአመክሮ ይቆያል። በወንጀል ሕጋችን ከተፈረደበት ዘመን ሁለት ሦስተኛውን የጨረሰ እስረኛ ጠባዩ ታይቶ በአመክሮ ሊለቀቅ ይችላል። ዕድሜ ልክ የተፈረደበት ከሆነ 20 ዓመት መታሰር አለበት። ፍርዱ አልተነካም። ሰውየው ቀሪውን ጊዜ ውጭ ሆኖ ይፈተናል፤ ካጠፋ ሊመለስ ይችላል። ስለዚህ አጎትዎ ገና ፈተና ላይ ናቸው።

«ይቅርታ» ውስጥ ያለው ግስ «ቀረ» ነው። «ይቅር» ስንል «ይተው» ማለታችን ነው። ታዲያ የሚቀረው ምኑ ነው? ቅጣቱ! ጥፋተኛ መባሉ መዝገብ ላይ እንዳለ ይቆያል፤ ቅጣቱ ግን በሙሉ ወይም በከፊል ይተዋል፣ አለዚያም ወደ ቀለለ ይለወጣል። ይቅርታ የሚሰጠው ፕሬዚዳንቱ ነው። በተለምዶ ደግሞ ጠያቂ አለው፤ ነገሩ የሚከርረውም እዚህ ላይ ነው። በ2010 ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ እንዲፈታ ሲወሰን፣ የግንቦት 7 አባል ነበርኩ የሚል ቅጽ ላይ አልፈርምም ብሎ ነበር። በዚያው ሰሞን ዶክተር መረራ ጉዲና ሲወጡ ግን ጉዳያቸው ገና በክርክር ላይ ነበር። ስለዚህ ትክክለኛው አባባል «ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ» ነው። ያልተፈረደበት ሰው በይቅርታ ተፈታ ቢባል ምኑ ይቀርለታል?

ሁለቱ ቃላት ተከታትለው የመጡበት ጉዳይም አለ። በ2003 ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ የ23 የደርግ ባለሥልጣናትን የሞት ፍርድ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ለወጡ። ይህ ይቅርታ ነው፤ ማንም ግን በዚያ ቀን ከእስር አልወጣም። በ2004 መስከረም ላይ 16ቱ ወጡ። ያስወጣቸው አመክሮ ነው፤ ከ1983 ጀምሮ ታስረው 20 ዓመቱን ሞልተው ነበርና። ዛሬም «ምሕረት ተደረገላቸው» የሚል ሰው ያጋጥመኛል። አልተደረገላቸውም። ሊደረግላቸውም አይችልም ነበር፤ የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 28 በሰው ዘር ላይ የሚፈጸም ወንጀልን በምሕረትም በይቅርታም ማለፍን ይከለክላል። የሚፈቅደው የሞት ፍርድን ወደ ዕድሜ ልክ መለወጥ ብቻ ነው።

«ምሕረት» ከሁሉም ይሰፋል። በአዋጅ ይመጣል፤ የሚሰጠውም ለአንድ ዓይነት ወንጀል እንጂ ለእገሌ ተብሎ አይደለም። ያልተከሰሰው አይከሰስም፣ የተከሰሰው ክሱ ይቆማል፣ የተፈረደበትም እንዳልተፈረደበት ይቆጠራል። ከመዝገብም ይሰረዛል። ሐምሌ 2010 ምክር ቤቱ ያጸደቀው የምሕረት አዋጅ እንዲህ ያለ ነው። አጎትዎ የሥራ ማመልከቻ ላይ «ምሕረት አግኝቻለሁ» ብለው ቢጽፉ ግን የመዝገቡ ማስረጃ ሲመጣ ጣጣ ነው። «በአመክሮ» ብለው ይጻፉ።

ሳልረሳው፦ «ምሕረት» በሐመሩ ሐ ነው የሚጻፈው። በሃሌታው ሀ «መሀረ» ካሉ «አስተማረ» ማለት ነው፤ «ትምህርት»ም የመጣው ከዚያ ነው።