የዓሣ ምርት በስልክ ስትመዘግቡ ፊሌቶና ሙሉ ዓሣ አትቀላቅሉ

እህቴ፣ በጣና ዳር ያሉ የነገደ ወይጦ ማኅበረሰብ አስጋሪዎች በየቀኑ የሚያወጡትን ዓሣ በስልክ መመዝገብ ቢፈልጉ ከየት ይጀምሩ ብለሽ ጠይቀሻል። ኮቦኮሌክት የሚባለውን የፎርም መሙያ አፕ ስልካችሁ ላይ ጭናችኋል ብዬ ልነሳ፤ ኔትወርክ በሌለበት ይመዘግባል፣ ሲገኝ ይልካል።

1. ዓሣው ከታንኳ እንደወረደ፣ ቢላዋ ሳይነካው ይመዘን። ከቆሮሶ (ቲላፒያ) የሚወጣው ፊሌቶ፣ ማለትም ከአጥንቱ የተለየው ሥጋ፣ የሙሉ ክብደቱ ሲሶ ገደማ ነው። አንዱ ሙሉውን፣ ሌላው ፊሌቶውን መዝኖ ሁለቱም «ኪሎ» ብለው ከጻፉ፣ 30 ኪሎ ያወጣው ሰው 10 ኪሎ እንዳወጣ ሆኖ ይቀመጣል። ወር ካለፈ በኋላ የቱ የቱ እንደነበር መለየት አይቻልም፣ የወሩ መዝገብ በሙሉ ይበላሻል። ስለዚህ «ሙሉ፣ ሆዱ የወጣ፣ ፊሌቶ» የሚል ምርጫ አስገቡ፤ ሳይመረጥ ፎርሙ እንዳያልፍ አድርጉ። ቅርጫቱንም እርጥብ እንደሆነ ባዶውን መዝኑና ቀንሱ፤ ውሃ የጠጣ ቅርጫት ከደረቁ ይከብዳል።

2. ስንት መረብ እንደተጣለ፣ የመረቡ ዓይን ስፋትና ስንት ሰዓት ውሃ ውስጥ እንዳደረ ጠይቁ። በ2 መረብ የተያዘ 20 ኪሎና በ8 መረብ የተያዘ 20 ኪሎ አንድ አይደሉም፤ የዓሣው መመናመን የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ባዶውን የተመለሰም «0» ተብሎ ይመዝገብ። ኪሎና ዋጋ ብቻ የሚጠይቅ ፎርም አዘጋጅተው «ይኸው ሙሉ» የሚሉ ቢሮዎች ያናድዱኛል፤ አስጋሪውን አንድ ቀን እንኳ ቢያማክሩት ኖሮ ይነግራቸው ነበር።

3. የዓሣ ዓይነቶቹ ቆሮሶ፣ አምባዛ፣ ነጭ ዓሣና በሶ ለየብቻ ይመዝገቡ። የነጭ ዓሣን ዝርያዎች እንዲለይ መዝጋቢውን አታስጨንቁት፣ ለባለሙያም ከባድ ናቸው። ይልቅ በክረምት እንቁላል የያዘውን ምልክት ያድርግበት፤ ነጭ ዓሣ እንቁላል ለመጣል ወደ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ወንዞች የሚወጣው ያኔ ነውና የወንዞቹ አፍ በመረብ ሲዘጋ ጉዳቱ የከፋ ነው። ቀኑን በኢትዮጵያ ካላንደር እንዲያሳይ ማድረግ ይቻላል፣ ወደ ኤክሴል ሲወጣ ግን በፈረንጅ ይመጣል፤ አትደንግጡ። ሰዓቱን ግን «ማታ ተጥሎ ጠዋት የተነሳ» እያላችሁ ጻፉ፤ የስልኩ ሰዓትና የእኛ ሰዓት በ6 ይለያያሉ።

መዝጋቢው እጁ የደረቀ፣ ዳር የቆመ ሰው ይሁን፤ እርጥብ ጣት ስክሪኑን አያዝዘውም። ጂፒኤሱን ከታንኳ ላይ ሳይሆን ከማውረጃው ቦታ ያዙ። መረቡ የሚጣልበትን ነጥብ ማንም ቢጠይቅ፣ የአስጋሪዎቹ ማኅበር ተሰብስቦ ሳይስማማ አትስጡ።