ያለ ዲግሪ የአገር ካዝና ስለያዙት ስዊድናዊ ለጠየቃችሁኝ

ኢኮኖሚክስ የምታጠና አንዲት የወዳጄ ልጅ በቅርቡ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ጋሼ፣ ጉናር ስትሬንግ ከአንደኛ ደረጃ ባልዘለለ ትምህርት 21 ዓመት የስዊድን የገንዘብ ሚኒስትር መሆን ከቻሉ፣ እኔ ለፈተና እንቅልፍ የማጣው ለምንድን ነው?» ጥያቄው ለቀልድ ያህል የቀረበ ቢሆንም፣ እኔን ግን ወደ አንድ የቆየ ጸጸት መለሰኝ። ተመሳሳይ ጥያቄ ያላችሁ ብዙ እንደሆናችሁ ስለማውቅ መልሱን ለሁላችሁም እጽፋለሁ።

ስትሬንግ በ1906 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ከስቶክሆልም በስተሰሜን ምዕራብ በምትገኘው ያርፌላ ተወለዱ። በወጣትነታቸው በአትክልት ቦታና በእርሻ ላይ በጉልበታቸው አደሩ፤ በ1932 የእርሻ ሠራተኞች ማኅበር አደራጅ ሆኑ፤ አሥር ዓመት ሳይሞላም ማኅበሩን በሊቀ መንበርነት ያዙት። በ1945 ካቢኔ ገብተው እስከ 1976 ድረስ አልወጡም። በሦስት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ሥር በአቅርቦት፣ በእርሻ፣ በማኅበራዊ ጉዳይ፣ በመጨረሻም ከ1955 ጀምሮ በገንዘብ ሚኒስትርነት አገለገሉ። ይህን ሁሉ በየመዝገቡ ታገኙታላችሁ። እኔ ልነግራችሁ የምፈልገው በመዝገብ የማይገኘውን ነው።

በ1975 ወደ ስዊድኗ የዩኒቨርሲቲ ከተማ ኡፕሳላ ለትምህርት ስሄድ አንዲት አሮጊት ዘንድ አንድ ክፍል ተከራየሁ። ባላቸው በሕይወት ሳሉ «ስታታሬ» ነበሩ። ስታታሬ ማለት በባለ ርስት እርሻ ላይ በዓመት ውል የሚሠራ ባለትዳር ሠራተኛ ነው፤ ደሞዙ በአብዛኛው በወተት፣ በእህል፣ በድንችና በማገዶ ይከፈለዋል፤ የሚኖርበትም ቤት የጌታው ነው። ውሉ በኦክቶበር መጨረሻ ሲያበቃ ቤተሰቡ ዕቃውን ጋሪ ላይ ጭኖ ሌላ ርስት ፍለጋ ይሄዳል። ሚስቲቱም የጌታውን ላሞች ማለብ ግዴታዋ ስለነበር፣ ሠራተኞቹ ይህን ግዴታ «ነጩ ጅራፍ» ይሉት ነበር። አከራዬ ይህን ሥራ ለዓመታት ሠርተዋል። ጣቶቻቸው ከመገጣጠሚያቸው ላይ አብጠው ስለጎበጡ የቡና ስኒ የሚያነሡት በሁለት እጃቸው ነበር። ይህ ሥርዓት የቀረው ስትሬንግ የሚመሩት ማኅበር ከአሠሪዎች ጋር ባደረገው ስምምነት በ1945 ነው፤ ስለዚህ አከራዬ ሚኒስትሩን ቴሌቪዥን ላይ ሲያዩ እንደ ዘመድ «ጉናር» ብቻ ብለው ይጠሯቸው ነበር።

እኔ ደግሞ የአሰላ ልጅ ነኝ። ስዊድን የሚባል አገር መኖሩን ያወቅሁት በ1967 በጭላሎ በተጀመረውና በስዊድን መንግሥት ገንዘብ በሚታገዘው የእርሻ ልማት ፕሮጀክት፣ በካዱ፣ ምክንያት ነው። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ገበሬውን ጠቅመዋል፤ ይሁን እንጂ እርሻው ትርፍ ሲያስገኝ ባለ መሬቶች ትራክተር እያስገቡ ጭሰኞቻቸውን ያፈናቅሉ እንደነበር በዓይኔ አይቻለሁ። አከራዬ አንድ ምሽት «በእናንተ አገር መሬቱን የሚያርሰው ማን ነው? ድርሻውስ ስንት ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ሲሶ፣ እርቦ፣ እኩል አራሽ እያልሁ ጥቂት ተናገርሁና ነገ ፈተና አለብኝ ብዬ ተነሣሁ። እሳቸውም ማኅበሩ በድብቅ ስለተመሠረተበት ርስት፣ አደራጆቹ በየጎተራው ደጃፍ ቆመው ስለተናገሩት ነገር ሊነግሩኝ ብዙ ጊዜ ጀምረው ነበር። ስለ ገበሬ ጥያቄ ወፍራም መጽሐፍ እያነበብሁ፣ ጥያቄውን በጣቶቻቸው የተሸከሙትን ሴት ወጥ ቤት ውስጥ ትቼ ወደ ቤተ መጻሕፍት እሮጥ ነበር። ቤቱን ለቅቄ ከሄድሁ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ዐረፉ። ጸጸቴ ይህ ነው።

ወደ ስትሬንግ ልመለስ። በየጃንዋሪው በጀት ሲቀርብ ረጅም ንግግር ያለ ጽሑፍ ያደርጉ ነበር፤ ቁጥሩ ሁሉ በቃላቸው ነው። ያ ችሎታ የመጣው ከማስታወስ ተሰጥኦ ብቻ አይመስለኝም። የሠራተኛን ደሞዝ በሊትር ወተትና በኪሎ ድንች ሲቆጥር የኖረ ሰው ቁጥርን ወረቀት ላይ ብቻ አያየውም። ፓርቲያቸው ሶሻል ዴሞክራት በ1947 የጦርነቱን ዘመን የሽያጭ ታክስ አንሥቶ ነበር፤ በ1960 መልሰው ያመጡት ግን እሳቸው ናቸው፣ በ1969ም በተጨማሪ እሴት ታክስ ተኩት። ከ1971 ጀምሮ ባልና ሚስት ለየብቻ ግብር እንዲከፍሉ መደረጉም በእሳቸው ዘመን ነው፤ ይህ ለውጥ የስዊድንን ሴቶች ወደ ሥራ ገበያ ያወጣውን ያህል ሌላ ሕግ አውጥቷል ብዬ አላምንም። ሥልጣን ሲይዙ ከአገሪቱ ምርት ሩብ ገደማ የነበረው ግብር ሲለቁ ወደ ግማሽ ተጠግቶ ነበር። ጡረታው፣ ሕክምናው፣ ትምህርት ቤቱ የቆመው በዚያ ገንዘብ ነው።

ማርች 10 ቀን 1976 ግን የልጆች መጻሕፍት ደራሲዋ አስትሪድ ሊንድግሬን ኤክስፕረሰን ጋዜጣ ላይ አንድ ተረት አወጣች። የግል ሥራ ያለው ሰው የገቢ ግብሩና የአሠሪ መዋጮው ሲደራረብበት ከሚያገኘው ተጨማሪ መቶ ክሮና ላይ 102 ክሮና እንደሚከፍል አሳየች። ስትሬንግ በፓርላማ የሰጡት መልስ የሥነ ጽሑፍ ችሎታዋን አመስግኖ የግብር ነገር ግን አይገባትም የሚል ነበር። እሷም ስትሬንግ ተረት ማውራት እንጂ ሒሳብ አይሆንላቸውም፣ ሥራ ብንለዋወጥ ይሻላል ስትል መለሰች። ሴትዮዋ ደግሞ ዕድሜዋን ሙሉ የሳቸው ፓርቲ ደጋፊ ነበረች።

አከራዬ ጋዜጣውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው፣ በአሮጌ ፖስታ ጀርባ ላይ በእርሳስ ደጋግመው ደመሩ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው «ሴትዮዋ ልክ ናት። ጉናር ተሳስቻለሁ ቢል ምን ይጎድልበታል?» አሉ። እሳቸውም የተማሩት ከስትሬንግ አይበልጥም። በሴፕቴምበሩ ምርጫ ግን ድምፃቸውን ለዚያው ፓርቲ ሰጡ። የውጭ አገር ሰው በአካባቢ ምርጫ መምረጥ የጀመረው በዚያው ዓመት ቢሆንም፣ እኔ ሦስት ዓመት ስላልሞላኝ አልመረጥሁም። ሶሻል ዴሞክራቶቹ ከ44 ዓመት በኋላ ሥልጣን ለቀቁ። ተረቱ ብቻ አልጣላቸውም፤ የኑክሌር ኃይል ክርክርም ከባድ ነበር። ስትሬንግ ኩርፊያ ሳያሳዩ እስከ 1985 ድረስ በተራ የፓርላማ አባልነት ቆዩ።

እንግዲህ ልጄ፣ ትምህርትሽን አቋርጪ የሚል አንድ ቃል ከዚህ ውስጥ እንዳታወጪ። ስትሬንግ ዩኒቨርሲቲ ያልገቡት ንቀውት አይደለም፤ በሩ ለድሃ ልጅ ስላልተከፈተ ነው። ለድሃ ልጅ የተከፈተው በኋላ፣ ባብዛኛው እሳቸው በሰበሰቡት ግብር ነው። ግን እውነቱን ልናገርና፣ የእናንተ ዘመን ልጆች አንድ ቀን ሳትሠሩ የአመራር ሥልጠና ምስክር ወረቀት ስትሰበስቡ ሳይ እበሳጫለሁ። በእኛም ጊዜ ቢሆን አንድ ማሳ ሳናርስ መሬት ለአራሹ እያልን ስንጮህ ነበርና ብዙ የምፎክርበት የለኝም፤ ቢሆንም መበሳጨቴ አልቀረም።

ፖለቲካ ውስጥ መግባት የሚያምራችሁ ካላችሁ፣ በምትኖሩበት ከተማ ያለው የሠራተኛ ማኅበር ወይም የእኛው የኢትዮጵያውያን ማኅበር በየዓመቱ ገንዘብ ያዥ የሚሆን ሰው አጥቶ ይለምናል። ለሊቀ መንበርነት የሚወዳደር ሞልቷል። ገንዘብ ያዥነቱን ተቀበሉ፣ ደረሰኙን በየወሩ ራሳችሁ ደምሩ፤ በጉባኤ ላይ አንዲት አሮጊት ተነሥተው ድምሩ አልገጠመም ቢሉ ደግሞ መዝገቡን አንሥታችሁ አጠገባቸው ተቀመጡና አብራችሁ ደምሩ።